ልጅ በእግሩ የሚኖርበት ሰፈር
(እሑድ ከጸሎት በኋላ ለእኅቶች የቀረበ ንግግር)

እኅቶቼ፣ ዛሬ ዕረፍት ያላገኛችሁ፣ ማዳም ያልለቀቀቻችሁም ይህን ወረቀት ከጓደኛችሁ እጅ ተቀብላችሁ እንደምታነቡት አውቃለሁ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ጀምሬ ቀስ ብዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ርእሳችን ሰፈር መምረጥ ነው። ብዙዎቻችን «ኮንትራቴን ስጨርስ ልጆቼን ሰብስቤ አዲስ አበባ ቤት እከራያለሁ» እንላለን። ማታ ተኝተን ስለዚያ ቤት እናስባለን፤ ስንት መኝታ እንዳለው፣ ወለሉ ሴራሚክ መሆኑን፣ ሶፋው የት እንደሚቀመጥ። ቤቱ ስለሚቆምበት ሰፈር ግን እምብዛም አናስብም። ሰፈሩን ደላላ ይመርጥልናል፤ ወይም ስሙ ደስ ስላለን እኛው እንመርጠዋለን። ሕፃን ልጅ ያለው ቤተሰብ ግን ከቤቱ ይልቅ የሚኖረው በሰፈሩ ነው።

እኔ ቤይሩት ከመጣሁ 4 ዓመት ከ7 ወር ሆኖኛል። ከፋሲካ በኋላ ልመለስ ነው። ሴት ልጄ 8 ዓመቷ ነው፤ ወንዱ 5 ሞላው። ሁለቱንም እኅቴ ጀሞ ይዛቸዋለች። ባለቤቴ ሜክሲኮ አካባቢ የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነው፤ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። አሁን አራታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር ልንገባ ነውና፣ ላለፉት ወራት የት እንደምንኖር ስንጠያየቅ ቆየን። እርሱ ሰሚትን ወደደ፤ ጓደኞቹ እዚያ አሉ፣ ሰፈሩም አዲስ ነው። አንድ ዘመዳችን ደግሞ ኪራዩ ይቀንሳል ብሎ ቱሉ ዲምቱን መከረን። እኔም ሦስቱን ሳመዛዝን ያገኘሁትን ነው ዛሬ የማካፍላችሁ።

እዚህ ካየነው እንጀምር

«እኛ ስለ ሰፈር ምን እናውቃለን?» አትበሉ። በሰው አገር የሰው ልጅ አሳድገናል። ልጅ ምን ሲያገኝ እንደሚረጋጋ፣ ምን ሲያጣ እንደሚነጫነጭ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

የምሠራበት ቤት አሽረፊዬ፣ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ሰፊ ነው፤ በየቀኑ ስለምወለውለው ስፋቱን ጉልበቴ ያውቀዋል። ከሥር ያለው ጎዳና ግን የመኪና ነው። ልጆቹ በመኪና ወጥተው በመኪና ይመለሳሉ። ከፊት ለፊታቸው ያለውን ጎረቤት በስም አያውቁትም። ከሌላ ልጅ ጋር ለመጫወት እናቶች አስቀድመው በስልክ መነጋገር አለባቸው።

ከወንዙ ማዶ ያለውን ቡርጅ ሐሙድን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመቶ ዓመት በፊት ገደማ ከአገራቸው የተሰደዱ አርመኖች ያቀኑት ሰፈር ነው። መንገዱ ጠባብ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሽቦው ከፎቅ ፎቅ ተንጠልጥሏል፤ ቆንጆ ነው የሚለው ሰው የለም። ነገር ግን ዳቦ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጫማ ጠጋኙ፣ ትምህርት ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉም እግር ሥር ነው። አሮጊቷ ከሰገነት ላይ ቅርጫት በገመድ ታወርዳለች፣ ባለሱቁ ዳቦዋን ይጨምርላታል። ልጅ ብቻውን ሄዶ ማኑሼ ገዝቶ ይመለሳል፤ ቢጠፋ የማን ልጅ እንደሆነ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከእኛ እኅቶችም ልጅ ወልደው እዚያ ቤት የተከራዩ አሉ። አንዷን ለምን እዚያ እንደምትኖር ብጠይቃት «ለሥራ ስወጣ ልጄን የምታይልኝ ጎረቤት አለችኝ» አለችኝ። ሌላ ምክንያት አልጨመረችም።

ከሁለቱ የተማርኩት ይህን ነው፦ ለሕፃናት የሚሆን ሰፈር የልጁ ቀን በእግር የሚያልቅበት ሰፈር ነው። ጠዋት ተነሥቶ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሱቅ፣ ከዚያ ጓደኛ ቤት፣ ሲታመም ጤና ጣቢያ፤ ይህ ሁሉ ያለ ታክሲ የሚሆንለት ከሆነ ሰፈሩ ተራ ቢሆንም ለእርሱ መልካም ነው። ይህ ካልሆነለት ግን ሰፈሩ ቢያምርም ልጁ ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ፊት ይቀመጣል።

በልጅ ቁመት ማየት

የሦስት ዓመት ልጅ ቁመቱ 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ይህ በየቀኑ ከምንወለውለው የኩሽና እብነ በረድ ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ነገ ዕቃ ስታጥቡ ጎንበስ በሉና ዓይናችሁን ከዚያ ጠርዝ ጋር አስተካክሉ። ከዚያ ከፍታ ላይ ሲታይ ከቆመ መኪና ጀርባ የሚመጣ መኪና አይታይም። ሹፌሩም ልጁን አያየውም። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ ግን እግሩ ሥር ነው። የተፈታ ውሻ ፊቱ ከልጁ ፊት ጋር እኩል ነው።

ስለዚህ ሰፈር የሚያይላችሁ ሰው ስትልኩ ብቻውን እንዳይሄድ። ልጅ ይዞ ይሂድ። ልጁ ስንት ጊዜ «እቀፉኝ» እንዳለ፣ የት ላይ እጁን አጥብቀው እንደያዙት፣ የት ላይ ለቅቀውት እንደሮጠ ይንገሯችሁ። እኅቴ የእኔን ልጅ ይዛ ሦስቱም ሰፈር ሄዳለች። የላከችልኝን የድምፅ መልእክት ስሰማ ከደላላ ፎቶ ይልቅ ብዙ ነገር ተረዳሁ።

ስለ ኮንዶሚኒየም ካነሣን ደግሞ፦ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ በከተማው ዳር ዳር ከተሠሩት የጋራ መኖሪያ ቤቶች ብዙዎቹ ከምድር በላይ 4 ፎቅ ናቸው፣ ሊፍት የላቸውም። ሕፃን ላለው ሰው ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ እጅግ ይሻላል። ከፍ ካለ የሰገነቱንና የደረጃውን ብረት እዩ፤ በብረቱ መካከል የልጅ ጭንቅላት ያልፋል? ልጅ የሚረግጠው አግዳሚ ብረት አለው? ብሎኮቹ መካከል ያለው ባዶ ቦታ የልጆች መጫወቻ ነው ወይስ የመኪና ማቆሚያ ሆኗል? ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ልጆች ወጥተው ሲጫወቱ ከታየ ያ ሰፈር ልጅ አለው ማለት ነው። ማንም ከሌለ ምክንያቱን ጠይቁ።

ትምህርት ቤት

አገራችን ልጅ አንደኛ ክፍል የሚገባው በ7 ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በፊት አጸደ ሕፃናት አለ። «ውጭ የሠራሁት ልጄን የግል ትምህርት ቤት ለማስገባት ነው» የምትሉ አላችሁ፤ መልካም ነው። ነገር ግን አንድ ነገር እወቁ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆችን ቁርስና ምሳ ይመግባል፤ የደንብ ልብስና ደብተርም ይሰጣል። እንደ ተመለሳችሁ ለመጀመሪያው ዓመት ሥራ ባይኖራችሁ፣ በእግር 10 ደቂቃ ላይ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁን ከነምሳው ይይዝላችኋል። የግሉን ኋላ አቅማችሁን አይታችሁ ታስቡበታላችሁ።

ዳር ያሉትን ሰፈሮች ስትመርጡ ደግሞ ቤቱ በየትኛው አስተዳደር ሥር እንዳለ ጠይቁ። ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታና ገላን በ2015 ዓ.ም. በኦሮሚያ ሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። መንገድ አቋርጣችሁ ብቻ አስተዳደሩ ሊለወጥ ይችላል። በዚያ በኩል ትምህርት በአፋን ኦሮሞ ነው የሚሰጠው፤ በአማርኛ የሚያስተምሩም አሉ። ልጅ አዲስ ቋንቋ ቢማር ሀብት ነው፤ እኛስ እዚህ ዓረብኛን በአንድ ዓመት አልለመድንም? ነገር ግን ሦስተኛ ክፍል የደረሰች ልጅ በአንድ ሌሊት የትምህርት ቋንቋዋ ቢለወጥ ትቸገራለች። ስለዚህ አስቀድማችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደምትማር ወስኑ፤ ከዚያ ቤት ፈልጉ። የመታወቂያ ነገርም እንደዚሁ ከአስተዳደሩ ጋር የተያያዘ ነው።

ውኃ

ብዙ ሰው «ውኃ አለው?» ብሎ ይጠይቅና «አለው» ሲባል ደስ ብሎት ይከራያል። ጥያቄው እንዲህ መሆን አለበት፦ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል? በስንት ሰዓት? የምንከራየው ፎቅ ድረስ ይወጣል? አዲስ አበባ በብዙ ቦታ ውኃ በፈረቃ ነው። ምድር ቤት እየመጣ አራተኛ ፎቅ የማይደርስበት ጊዜ አለ፤ ግፊቱ አይችልም።

ሒሳቡን እንሥራው። ሁለት ልጆች ያሉት ቤት ለማጠቢያ፣ ለማብሰያና ለመታጠቢያ ቢቆጥብ እንኳ በቀን 4 ጄሪካን ይፈጃል እንበል። አንዱ ጄሪካን 20 ሊትር፣ ማለትም 20 ኪሎ ነው። 80 ኪሎ በየቀኑ አራት ፎቅ ማውጣት ነው። እዚህ ወገባችንን ያመመን ይበቃናል፤ አገራችን ገብተን ደግሞ በጄሪካን አንጨርሰው። ሮቶ ያለው፣ ሮቶውም ከፓምፕ ጋር የሆነ ሕንፃ ትንሽ ኪራይ ቢጨምርም ይሻላል። ይህን የሚያውቀው ደላላው አይደለም። የግቢውን ጥበቃ ወይም በር ላይ ልብስ የምታጥበዋን ሴት ጠይቁ።

ጤና ጣቢያ

ሕፃን ልጅ ሌሊትም ሊታመም ይችላል። በአቅራቢያው የመንግሥት ጤና ጣቢያ መኖሩን፣ ሌሊት የሚሠራ መሆኑን አረጋግጡ። የሕፃናት ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። እንደ ገባችሁ የምትወልዱ ከሆነ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ከዚያም በ9 ወርና በ15 ወር ሕፃኑን ይዛችሁ ትመላለሳላችሁ። ይህ ሁሉ በእግር ሲሆንና በሁለት ታክሲ ሲሆን ልዩነቱን አስቡት። በወረዳው የማኅበረሰብ ጤና መድን እንዴት እንደሚመዘገቡም ያንጊዜ ጠይቁ።

ገንዘብ የሚያመጣው ሰው መንገድ

ኪራይ በሚቀንስበት ዳር ሰፈር ቤት ስትይዙ፣ የቀነሰው ገንዘብ ወደ ታክሲ እንደሚሄድ አትርሱ። እንዲህ አስሉት። በአንድ ታክሲ ሥራ ቦታው የሚደርስ ሰው በቀን 2 ጊዜ ይሳፈራል፤ በወር 26 የሥራ ቀን ቢኖረው 52 ጊዜ ነው። በሁለት ታክሲ ከሆነ 104 ጊዜ። በሦስት ታክሲ ከሆነ 156 ጊዜ። የዛሬውን የታክሲ ዋጋ በዚህ አባዙትና በኪራዩ ላይ ደምሩት። ያኔ ርካሽ የተባለው ቤት እውነተኛ ዋጋው ይታያል።

ከገንዘቡ የሚበልጠው ግን ሰዓቱ ነው። መሄጃው አንድ ሰዓት ተኩል፣ መመለሻው አንድ ሰዓት ተኩል ከሆነ በወር 78 ሰዓት መንገድ ላይ ያልፋል። አባት ማለዳ ሲወጣ ልጆች ተኝተዋል፤ ማታ ሲመለስም ተኝተዋል። እናንተ ለዓመታት ልጆቻችሁን በስልክ ስታዩ ኖራችሁ፣ አሁን ደግሞ አባታቸው በዚያው ከተማ እያለ እንደ እናንተ ስደተኛ ይሆንባቸዋል።

ባቡር ያለበት ሰፈር ይመረጣል የሚሉ አሉ። ባቡሩ በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው ሥራ የጀመረው፤ አንዱ መስመር ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ነው፣ ሁለተኛው ወደ ቃሊቲ ይወርዳል። መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን የሚሠሩት ባቡሮች ቁጥር ከጅምሩ ስላነሰ፣ በሥራ መግቢያ ሰዓት ስንት ደቂቃ እንደሚጠበቅ የሚሳፈሩትን ጠይቁ። የአንበሳና የሸገር አውቶቡስ መነሻ የት እንደሆነም እንዲሁ።

የማይመረጥ ቦታ

ቤቱ ምንም ቢያምር፣ ኪራዩም ምንም ቢረክስ፣ ልጅ ላለው ሰው የማይሆኑ ቦታዎች አሉ።

አንደኛው ወንዝ ዳር ነው። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ከተማውን አቋርጠው ሲወርዱ የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ነው። በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ድረስ፣ ይሞላሉ። በበጋ የታየ ቤት በክረምት ሌላ ቤት ነው። ግድግዳው ላይ የእርጥበት መሥመር ካለ ውኃው እስከዚያ ደርሶ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የቆሻሻ መጣያ አጠገብ ነው። ቆሼን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ምሽት ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሞተዋል፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር። እነዚያ ሰዎች እዚያ የኖሩት ርካሽ ስለሆነ ነው። እኛ ጥቂት ምርጫ ካለን በምርጫችን እንጠቀም።

ሦስተኛው ሰነድ የሌለው ቤት ነው። «ጨረቃ ቤት» የሚባለው በሌሊት ተሠርቶ ያደረ ቤት አንድ ቀን ይፈርሳል፤ ልጆችም በትምህርት መካከል ይፈናቀላሉ። ሰነድ ያለው ቤት እንኳ ቢሆን የኮሪደር ልማት ወይም የመንገድ ሥራ የሚነካው መሆን አለመሆኑን ወረዳው ጠይቁ።

ልጁን ያሳደገው ሰው የት ነው?

እኅቶቼ፣ ይህን ክፍል በጥሞና ስሙኝ። ሰፈር ስለመምረጥ የሚመክሩ ሰዎች ሁሉ ውኃ፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤት ይላሉ። የእኛ ነገር ግን ከሌላው ሰው በአንድ ነገር ይለያል። የእኛ ልጆች በሌላ ሰው እጅ ነው ያደጉት።

ልጄ ስመጣ ገና 1 ዓመት አልሞላውም ነበር። አሁን እኅቴን «እማዬ» ነው የሚላት። እኔን «የስልኳ እማዬ» ይለኛል። እኅቴ ልታርመው ስትሞክር ተይው አልኳት። ልጁ ውሸት አልተናገረም። ሌሊት ሲያለቅስ የተነሣችው እርሷ ናት፤ ኩፍኝ ሲይዘው ያቀፈችው እርሷ ናት።

ታዲያ እኔ ተመልሼ ልጁን ይዤ ከተማው ማዶ ብገባ ምን ይሆናል? ለእኔ ልጄን ማግኘት ነው። ለእርሱ ግን እናቱን ማጣት ነው። ይህን ከማንም በላይ እኛ እናውቀዋለን፤ በሌላው ወገን ሆነን አይተነዋልና። ያሳደግነው የማዳም ልጅ ቤት ስንቀይር በር ላይ ቀሚሳችንን ይዞ ሲጮህ ያላየች ማን አለች? ከዚያ በኋላ ስንት ቀን አልበላም እንዳለ፣ ማዳም ራሷ ደውላ የነገረቻችሁ አላችሁ። የእኛም ልጆች ያው ልጆች ናቸው።

ስለዚህ በሰፈር ምርጫዬ የመጀመሪያው መስፈርት ይህ ሆነ፦ ልጁ ወደ አክስቱ ቤት በእግሩ መሄድ መቻል አለበት። ጠዋት እኔ ጋ ቁርስ በልቶ፣ ከትምህርት ቤት እርሷ ጋ ሄዶ፣ ማታ እኔ ጋ የሚመለስበት መንገድ። ሲያኮርፈኝ ወደ እርሷ ሮጦ የሚሄድበት መንገድ። ቀስ እያለ፣ በራሱ ጊዜ፣ ሁለት እናት እንዳለው ይለምዳል። ይህ መንገድ ሁለት ታክሲ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኖ ነው የሚሄደው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል፤ ዘመዱም ጎረቤቱም አንድ ሰው ሲሆን ደግሞ ምን ይፈለጋል?

ልጆቻችሁን እናታችሁ ደሴ ወይም ጎጃም ይዛቸው ከሆነ፣ ነገሩ በሰፈር አይፈታም። ቢቻል አያታቸው ለጥቂት ወራት አብራ ትምጣ፤ ለእርሷም የምትተኛበት ቦታ ያለው፣ ቤተ ክርስቲያንም ወይም መስጊድም በእግሯ የምትደርስበት ቤት ያዙ። ካልተቻለ ቢያንስ ክረምቱን ሄደው የሚከርሙበትን ሁኔታ ከአሁኑ ተነጋገሩ።

ሦስት ጊዜ ይታይ

አንድን ሰፈር አንድ ጊዜ አይቶ መወሰን አይቻልም። የምታምኑት ሰው ሦስት ጊዜ ይሂድላችሁ። አንድ ጊዜ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት፤ የታክሲውን ሰልፍና ትምህርት ቤት የሚሄዱትን ልጆች ለማየት። አንድ ጊዜ ማታ ከ1 ሰዓት በኋላ፤ መብራት መኖሩን፣ መጠጥ ቤት ከሥሩ መኖሩን፣ ሴት ብቻዋን መሄድ መቻሏን ለማየት። አንድ ጊዜ ዝናብ ሲዘንብ፤ ጭቃውንና ውኃው የሚሄድበትን ለማየት።

ሲሄድም ወፍጮ ቤት ይግባ፣ ሱቅ ገብቶ ሻማ ይግዛ። ከሻማው ጋር መብራት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋም ይሰማል። የዕድሩን ዳኛ ያናግር። ዕድር ያለው፣ የግቢ ጥበቃውን በየወሩ አዋጥቶ የሚከፍል፣ የጋራ ቤቱ ተዘግቶ ሳይሆን ድግስና ለቅሶ እየተደረገበት ያለ ግቢ ሰው ያለበት ግቢ ነው። ከዓመታት በኋላ ስትመለሱ አንድ ሰው ቡና ጠጡ ብሎ የሚጠራችሁ ያስፈልጋችኋል። አገር ገብቶ ብቸኛ መሆን ከዚህኛው ብቸኝነት ይከፋል።

ስለ ውል በአጭሩ

ቤቱ ሲገኝ ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ይህን እወቁ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። «የዓመቱን በአንዴ ክፈሉ፣ ውጭ አገር ነው ያላችሁት፣ ምን ይጎድላችኋል» የሚል አከራይ ካጋጠማችሁ ይህን አስታውሱት። 2 ዓመት ማለት ለልጅ ሁለት ክፍል በአንድ ትምህርት ቤት መጨረስ ነው። ገንዘቡም በደላላ አካውንት ሳይሆን ውሉን በፈረመው ባለቤት ስም ይግባ።

የእኛ ቤት

እኅቴ ከሦስቱም ሰፈር ያመጣችውን አመዛዝነን ጀሞ አንድን መረጥን፤ ሁለት መኝታ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሰሚት ለኑሮ መልካም ሰፈር ነው፤ ለባለቤቴ ሥራና ለእኅቴ ቤት ግን ሩቅ ነው። ቱሉ ዲምቱ ኪራዩ በእርግጥ ይቀንሳል፣ ቦታውም ሰፊ ነው፤ የአዳማው የፍጥነት መንገድ መነሻ ነውና ወደ አዳማ ለሚሠራ ሰው እጅግ ይመቻል። ሜክሲኮ ለሚሠራ ሰው ግን ታክሲው በዛ። ከጀሞ ሜክሲኮ በአንድ ታክሲ ይገባል። ትምህርት ቤቱ 8 ደቂቃ፣ ጤና ጣቢያው 15 ደቂቃ፣ የእኅቴ ቤት 6 ደቂቃ ነው፤ በልጄ እግር የተለካ ነው።

ያጣነውም አለ። ቤቱ ጠባብ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ሴራሚክ የለውም። ግቢው ይንጫጫል፣ ውኃውም በፈረቃ ነው። በዚህ ገንዘብ ሌላ ቦታ ሦስት መኝታ ይገኝ ነበር። ባለቤቴ «ይህን ሁሉ ዓመት ደክመሽ እዚህ ልትገቢ ነው?» ብሎኝ ነበር። እኔ ለወለሉ አልደከምኩም አልኩት። ወለልማ እዚህ ጠግቤያለሁ።

ለአገር ቤት የሚላኩ ጥያቄዎች

እነዚህን ገልብጣችሁ ወይም ፎቶ አንሥታችሁ ሰፈር ለሚያይላችሁ ሰው ላኩለት።

1. ልጁን ያሳደገው ሰው ቤት በልጅ እግር ስንት ደቂቃ ነው?
2. ትምህርት ቤቱስ? ስንት አስፋልት ያሻግራል? በየትኛው ቋንቋ ያስተምራል?
3. ውኃ በሳምንት ስንት ቀን፣ እስከ ስንተኛ ፎቅ ይደርሳል?
4. ጤና ጣቢያው ሌሊት ይሠራል?
5. ሠራተኛው ሰው በስንት ታክሲ፣ በስንት ሰዓት ሥራ ይደርሳል?
6. ልጆች ከሰዓት በኋላ ውጭ ይጫወታሉ? የት?
7. ወንዝ፣ ክፍት ቦይ፣ የቆሻሻ ክምር ምን ያህል ቅርብ ነው?
8. ዕድር አለ? ጥበቃ አለ?
9. ቤቱ ሰነድ አለው? ልማት ይነካዋል?
10. በዝናብ ቀን ታይቷል?

አሥሩንም የሚያሟላ ሰፈር አይገኝም። ሰባቱን ካሟላ፣ ከሰባቱም መካከል የመጀመሪያው ካለበት፣ ያዙት። በሚመጣው እሑድ ከጸሎት በኋላ ጥያቄ ያላችሁ እኔ ኋላ ረድፍ እቀመጣለሁ። የጀሞን፣ የሰሚትንና የቱሉ ዲምቱን የኪራይ ዋጋ እኅቴ ጽፋ ልካልኛለች፤ ለምትፈልጉ አሳያችኋለሁ። ሌላ ሰፈር የምታውቁ ደግሞ፣ ቃሊቲም ይሁን የካ አባዶ፣ ወጥታችሁ ንገሩን።

ለአገራችንና ለልጆቻችን በሰላም ያብቃን።